ሀዋሳ ላይ የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማብራሪያና ካቴኪዝም ለመግዛት፦ በሪፎርምድ ትምህርት የተመዘነ ማነጻጸሪያ

ሀዋሳ ውስጥ ወደ አንድ የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር ሲገቡ ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት የሚያገኙት ስለ ስኬት፣ ስለ ጸሎት ኃይል፣ ስለ ትዳርና ስለ መሪነት የተጻፉ መጻሕፍትን ነው፤ አብዛኞቹም ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ናቸው። የሪፎርምድን ትምህርት (የ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሐድሶ መምህር የካልቪንን መስመር የሚይዘውን የፕሮቴስታንት ትምህርት) የሚከተል ነገር የሚፈልግ ሰው በአማርኛ የሚያገኘው ጥቂት ነው። የቀረው ወይ ከውጭ የሚመጣ ወፍራምና ውድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፣ ወይ በቴሌግራም የሚዞር ፒዲኤፍ። ብሩ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ሲበቃ የቱ ይቅደም? የቱ በነጻ ይገኛል? የቱስ ቢቀር አይጎዳም? ከዚህ በታች ያለው ለእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

መለኪያው ይቅደም

ሌላ መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት አንድ የእምነት መግለጫና አንድ ካቴኪዝም፣ ማለትም በጥያቄና በመልስ የተዘጋጀ የእምነት ትምህርት፣ በእጅዎ ይኑር። በገጽ ብዛት ትንሹ፣ በዋጋ ርካሹ ይኸው ነው፤ ሌላውን ሁሉ የሚመዝኑትም በእሱ ነው። ከተጻፉ ከ350 ዓመት በላይ ስላለፋቸው የእንግሊዝኛ ቅጂያቸው በነጻ ይወርዳል።

የሃይደልበርግ ካቴኪዝም እ.ኤ.አ. በ1563 ወጣ። 129 ጥያቄዎቹ በ52 ሰንበታት ስለተከፋፈሉ በሳምንት አንድ ክፍል ያነበበ ቤተሰብ በዓመቱ ይጨርሰዋል። የሰው ጉስቁልና፣ ከዚያ የሚወጣበት መንገድና የሚያቀርበው ምስጋና እያለ በሦስት ደረጃ ይሄዳል፤ አነጋገሩ አንባቢውን በቀጥታ እየጠየቀ ነው። የዌስትሚንስተር አጭር ካቴኪዝም (1647) 107 ጥያቄዎች አሉት፤ መልሶቹ አጫጭር ሆነው እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የገባባቸው ናቸው። ለቤተሰብና ለቤት ለቤት ጥናት ሃይደልበርግን እናስቀድማለን። ሌላ መጽሐፍ ለመመዘን ግን ዌስትሚንስተር ይሻላል። 33ኛው ጥያቄ ስለ መጽደቅ፣ 35ኛው ስለ መቀደስ ነው፤ የመጀመሪያው እግዚአብሔር በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ፣ ሁለተኛው ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ሥራ ተብሎ ተቀምጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቦ የያዘ ሰው መጽደቅን ከመቀደስ ጋር የሚያደባልቅ መጽሐፍ ሲያጋጥመው ቶሎ ይነቃበታል። ተተርጉመው በብዛት ከሚሸጡት ውስጥ ይህን የሚያደባልቁት ቀላል ቁጥር የላቸውም።

ጥምቀት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሃይደልበርግ በ74ኛው፣ አጭሩ ካቴኪዝም በ95ኛው ጥያቄ የሕፃናትን ጥምቀት ያስተምራሉ። በቃለ ሕይወት፣ በሙሉ ወንጌልና በመሠረተ ክርስቶስ የሚጠመቀው ያመነ ሰው ስለሆነ፣ ከእነዚህ አጥቢያዎች የሚመጣ አንባቢ የ1689ኙን የለንደን ባፕቲስቶች የእምነት መግለጫ ቢይዝ ይመቸዋል። ይህ መግለጫ አብዛኛውን ይዘቱን ከዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ የወሰደ ሲሆን ጥምቀትን (ምዕራፍ 29) እና የቤተ ክርስቲያን አስተዳደርን በራሱ መንገድ ያስቀምጣል። የመካነ ኢየሱስ ምእመን ደግሞ በአብዛኛው የሚያውቀው የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም (1529) ነው። እሱና ሃይደልበርግ በሕፃናት ጥምቀት ይስማማሉ፤ የሚለያዩት በጌታ እራት ላይ ክርስቶስ እንዴት ይገኛል በሚለው ነው። መካነ ኢየሱስ ከፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ የወጣችውን የቤቴልን ቤተ ክርስቲያን በ1974 እ.ኤ.አ. ስለተቀበለች የሪፎርምዱ ትውፊት በአገራችን ባዕድ አይደለም፤ መደርደሪያው ላይ ግን ብዙም አይታይም።

የትኛው የአማርኛ ትርጉም?

የ1954ቱ ትርጉም ቃል በቃል ስለሚጠጋ ቃላትን ለመከታተል ይመቻል፤ አንድ ቃል በሮሜና በገላትያ እንዴት እንደተደጋገመ ማየት የሚፈልግ ሰው እሱን ይያዝ። አዲሱ መደበኛ ትርጉም ንዑስ ርእሶችና የግርጌ ማስታወሻዎች አሉት፣ ዐረፍተ ነገሩም ይፈታል። ኤፌሶን 1፥3-14 በግሪኩ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ስለሆነ በ1954ቱ ለማንበብ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ አዲሱ መደበኛ ከፋፍሎ ያስቀምጠዋል። ስልክ ላይ «አማ05» ተብሎ የሚገኘው ቀለል ባለ አማርኛ የተዘጋጀ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ሐሳቡን ለመጨበጥ ጥሩ ነው፣ ቃል ቆጥሮ ለመከራከር ግን አይሆንም። ሁለቱን፣ 1954ቱንና አዲሱን መደበኛ፣ ጎን ለጎን መያዝ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። በዚያ ላይ በስልክ ነጻ ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በሰባ ሊቃናት ቁጥር በሚሄዱ የኦርቶዶክስ ህትመቶች የመዝሙር ቁጥር ከአብዛኛው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በአንድ ያንሳል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22ኛ ሆኖ ይገኛል። የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ይዘው ጥቅሱ አልገጥም ካለዎት፣ ስሕተት ከመፈለግዎ በፊት የሚቀጥለውን ወይም ያለፈውን መዝሙር ይመልከቱ።

የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ፦ ማስታወሻው የማን ነው?

ብዙ ብር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ስሕተትም እዚሁ ይሠራል። ማስታወሻው ከቃሉ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ስለታተመ፣ አንባቢው ሳያውቀው የሰውን አስተያየት ከቃሉ እኩል ያስቀምጠዋል። በቡድን ጥናት «መጽሐፍ ቅዱሴ እንዲህ ይላል» ብሎ የግርጌ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ያላጋጠመው መሪ ጥቂት ነው።

በእንግሊዝኛ ማንበብ ለሚችል ሰው በብዛት የሚወዳደሩት እነዚህ ናቸው። «ሪፎርሜሽን ስተዲ ባይብል» ዋና አዘጋጁ አር. ሲ. ስፕሮል ነው። በቃል ኪዳን አረዳድም በሕፃናት ጥምቀትም ዌስትሚንስተርን ይከተላል፣ በአዲሶቹ እትሞች መጨረሻ ላይ የእምነት መግለጫዎችና ካቴኪዝሞች ተካተዋል። ሪፎርምድ ትምህርትን ከሥሩ ሊማር ለሚፈልግ፣ አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ምርጫችን እሱ ነው። «ኢኤስቪ ስተዲ ባይብል» (2008) ከሁሉም የበለጠ ካርታ፣ ሥዕላዊ መግለጫና የታሪክ መረጃ አለው። በድነት ትምህርት ወደ ሪፎርምድ ያደላል፣ በጥምቀትና በሺህ ዓመቱ መንግሥት ላይ ግን የተለያዩ አመለካከቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ዋና አዘጋጁ ዌይን ግሩደም የጸጋ ስጦታዎች ዛሬም ይቀጥላሉ የሚል ሰው ስለሆነ የካሪዝማቲክ አስተዳደግ ላለው የሀዋሳ አንባቢ አንደኛ ቆሮንቶስ 12-14 ላይ ብዙም አይጋጭበትም። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ከ2,700 ገጽ በላይ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። በባጃጅ ይዘውት ወደ ጥናት የሚመላለሱበት ዓይነት አይደለም፣ የጠረጴዛ መጽሐፍ ነው።

«ማክአርተር ስተዲ ባይብል» (1997) ብዙዎችን ያሳስታል። በምርጫ (እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መምረጡ) እና በቅዱሳን ጽናት (የዳነ ሰው እስከ መጨረሻ መጽናቱ) ላይ ከካልቪን ጋር ይሄዳል፤ ስለ እስራኤል፣ ስለ ንጥቀትና ስለ ሺህ ዓመቱ ግን ዲስፔንሴሽናሊስት ነው (የእግዚአብሔርን ሥራ በተለያዩ ዘመናት ከፍሎ እስራኤልንና ቤተ ክርስቲያንን ይለያል)፣ እንደ ልሳን ያሉ የምልክት ስጦታዎችም አልፈዋል ይላል። ሮሜን ሲያነቡ የሚስማማዎት ሰው ዳንኤል 9 እና ራእይ 20 ላይ ከዌስትሚንስተር ሰዎች ሌላ መንገድ ይዞ ያገኙታል። ይህን አውቀው ከገዙት የጥቅስ በጥቅስ ማስታወሻው ብዛት ይጠቅማል። የስኮፊልድ ማስታወሻ (1909፣ ተሻሽሎ 1917) በበኩሉ የዲስፔንሴሽናሊዝም ዋና ምንጭ ነው፤ የቅጂ መብቱ ስላለፈ በየነጻ መተግበሪያው ውስጥ ይገኛል። ሳያውቁት እሱን እያነበቡ ሊሆን ስለሚችል የመተግበሪያዎን ማስታወሻ ስም ይመልከቱ። «ላይፍ አፕሊኬሽን» ሕይወት ላይ ማዋልን እንጂ ትምህርትን አያስቀድምም፤ ለጠዋት ንባብ አይከፋም፣ ለማስተማር ግን ይሳሳል። ማስታወሻ ጨርሶ የማይፈልግ ሰው የቶምሰንን ሰንሰለታዊ ማጣቀሻ (1908) ይመልከት። ከጥቅስ ወደ ጥቅስ ስለሚመራ የራሱን ትምህርት የሚያስገባበት ቦታ ትንሽ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ማጣቀሻ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ካቴኪዝም ይበቃሉ፤ በግማሽ ከሚገባ 2,000 ገጽ በሙሉ የሚገባ 200 ገጽ ይሻላል።

መደብር ውስጥ ቆመው የሚያደርጉት ፈተና

ሽፋንና ምስክርነት አይመኑ፤ «ሪፎርምድ» የሚለው ቃል ሽፋኑ ላይ መኖሩም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሻጩን ፕላስቲኩን እንዲከፍትልዎ ይጠይቁና 15 ደቂቃ ይስጡት። ማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ ወደ ጥቅሱ ይሂዱ፤ ሌላ መጽሐፍ ከሆነ ከኋላ የጥቅስ ማውጫ ካለው በእሱ ይፈልጉ።

መጀመሪያ 3ኛ ዮሐንስ 2። ዮሐንስ ለጋይዮስ የጻፈው የደብዳቤ ሰላምታና መልካም ምኞት ነው። ማስታወሻው ይህን ተናግሮ ካለፈ ደህና። «እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ አማኝ የገንዘብ ብልጽግናን ቃል ገብቷል» ብሎ ከተነሣ ግን መጽሐፉን ይመልሱት፤ በሌላውም ቦታ የሚያነበው በዚሁ መንገድ ነው። ቀጥሎ ኤርምያስ 29፥11። ቁጥር 10 ምርኮው 70 ዓመት እንደሚቆይ ይናገራል፤ ደብዳቤው የተላከላቸው ብዙዎቹ በባቢሎን ይሞታሉ ማለት ነው። ቁጥር 10ን ሳይነካ በ11 ላይ ገጽ የሚሞላ ጸሐፊ አውድ አያነብም። ኢሳይያስ 53፥5ን ደግሞ ከ1ኛ ጴጥሮስ 2፥24 እና ከማቴዎስ 8፥17 ጋር አንድ ላይ ያዩታል፤ ጴጥሮስ ስለ ኃጢአት ያነሣውን ትቶ የሥጋ ፈውስን ብቻ እንደ ዕዳ የሚያስከፍል ማስታወሻ ግማሹን ወንጌል ጥሏል።

ከዚያ ወደ ሥላሴ ይሂዱ። በደቡቡ አካባቢ «አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የአንዱ የኢየሱስ ማዕረጎች ናቸው» የሚል ጽሑፍ እንግዳ አይደለም፣ አንዳንዱም በሽፋኑ ከሌላው አይለይም። ማቴዎስ 3፥16-17 ላይ አብ ከሰማይ ሲናገር፣ ወልድ ከውኃ ሲወጣ፣ መንፈስ ሲወርድ ያለውን እንዴት እንደሚያብራራ፣ ዮሐንስ 17፥5 ላይም «ዓለም ሳይፈጠር በአንተ ዘንድ» የሚለውን ምን እንደሚያደርገው ይመልከቱ። እዚህ ከወደቀ ሌላው አያስፈልግም።

እነዚህን ካለፈ የሪፎርምድ ጠባዩን የሚያሳዩት ሮሜ 9፥10-16፣ ዕብራውያን 6፥4-6 እና ያዕቆብ 2፥14-26 ናቸው። ሮሜ 9ን ስለ ሕዝቦች ብቻ እንጂ ስለ ግለሰብ ድነት አይናገርም የሚለው አርሚኒያን (ድነትን ከሰው ነጻ ፈቃድ ጋር የሚያያይዝ) አረዳድ ነው፤ የሪፎርምድ ጸሐፊ የቁጥር 16ን ክብደት አያቀልልም፣ ቁጥር 19 ላይ የሚነሣውንም ተቃውሞ ሳይሸሽ ይመልሳል። ዕብራውያን 6 ላይ ወደ ቁጥር 9 የማይወርድ ማስታወሻ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሰነፍ ነው። ያዕቆብ 2 ላይ ከሮሜ 3፥28 ጋር አላገናኘውም ማለት መጽሐፉ ዋናውን ጥያቄ ዘሎታል ማለት ነው።

ሁሉም ልዩነት እኩል አይደለም። በሥላሴ፣ በክርስቶስ ማንነት፣ በእምነት በመጽደቅና በብልጽግና ወንጌል ላይ የወደቀ መጽሐፍ አይገዛም። በምርጫ፣ በጥምቀትና በጸጋ ስጦታዎች የሚለይ ደራሲ ወገኑ ታውቆ ይነበባል፤ ለአዲስ አማኝ ግን በስጦታ አይሰጥም። ስለ ዘመን መጨረሻ ብቻ የሚለይ ከሆነ በእርሳስ ምልክት አድርገው ያንብቡት። በሀዋሳ የጥናት ቡድኖች ዘንድ የምናየው ችግር ብዙውን ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ስለ ንጥቀት ጓደኛሞች ይኳረፋሉ፣ የብልጽግናው መጽሐፍ ግን ዝም ብሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ሌላ ቀላል ሙከራ አለ፣ በተለይ ለተተረጎሙ የመንፈሳዊ ሕይወት መጻሕፍት። መሐል ላይ ይክፈቱና በቅንፍ ከተጻፉት ጥቅሶች በተከታታይ አሥሩን በስልክዎ ያውጡ። ከአሥሩ ሦስቱ ጸሐፊው የሚለውን የማይሉ ከሆነ መጽሐፉ ሐሳቡን ከሌላ ቦታ አምጥቶ ጥቅስ ለጥፎበታል። ከፊት ያለውን ገጽም ያንብቡ፦ የመጀመሪያው ርእስ፣ የተተረጎመበት ፈቃድና «ተጠቃሎ የቀረበ» የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩ። አጭር የተደረገ መጽሐፍ መጀመሪያ የሚጥለው የግርጌ ማስታወሻውንና ጥቅሱን ነው፤ ማረጋገጫው ወጥቶ አስተያየቱ ይቀራል።

ማብራሪያ

ካልቪን ወይስ ማቲው ሄንሪ? ሁለቱም በእንግሊዝኛ በነጻ ይወርዳሉ። ካልቪን አጭር ነው፤ ጸሐፊው ምን ማለት ፈለገ የሚለውን ይዞ ይሄዳል፣ ስብከት አያበዛም። የሮሜ ማብራሪያው በ1540 ወጣ፤ ለመጀመር ከእሱ የተሻለ የለም። ከአዲስ ኪዳን ራእይን፣ 2ኛና 3ኛ ዮሐንስን ግን አልጻፈባቸውም፣ ስለዚህ «ሙሉ» ተብሎ ሲሸጥ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በነጻ የሚገኘው ትርጉም የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል። ማቲው ሄንሪ ለስብከት ዝግጅትና ለጸሎት ይመቻል፣ ብሉይ ኪዳን ላይ በተለይ ሀብታም ነው። በ1714 ሲሞት የደረሰው ሐዋርያት ሥራ ላይ ነበር፤ ከሮሜ እስከ ራእይ ያለውን ሌሎች አገልጋዮች ናቸው የጨረሱት። ስለዚህ ለመልእክታቱ ካልቪን፣ ለዘፍጥረትና ለመዝሙር ሄንሪ ብንል አናጋንንም። መተግበሪያ ላይ «ኮንሳይስ» የሚል ከጎኑ ካለ አጭሩ ነው፤ አንድ ምዕራፍ በሁለት አንቀጽ ሲያልፍ ጸሐፊው ሰንፎ ሳይሆን ተቆርጦ ነው።

ባለ ብዙ ቅጽ ስብስብ በአንድ ጊዜ መግዛት አንመክርም። በዚህ ዓመት የሚያስተምሩት መጽሐፍ ማርቆስ ከሆነ የማርቆስን አንድ ቅጽ ይግዙ። ታቦርን በመሳሰሉ የከተማው የነገረ መለኮት ኮሌጆች የሚማር ሰው ካወቁ፣ ከመግዛትዎ በፊት የዚያኑ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ በቤተ መጻሕፍታቸው አይቶ እንዲነግርዎ ይለምኑት።

ለቡድን የሚሆን መምሪያ

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጥያቄው መልሱን ከጽሑፉ እንዲያወጡ የሚያስገድድ፦ «ቁጥር 4 'ነገር ግን' ሲል ከምን ጋር ነው የሚያነጻጽረው?» ሌላው «ይህ ክፍል ምን ተሰማዎት?» ብሎ የሚያልፍ። ሁለተኛው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ማንም ሳያነብ መመለስ ይችላል። አንድ ሰዓት ተኩል ለሚቆይ ከ6 እስከ 12 ሰው ላለበት ቡድን ከ6 እስከ 8 ጥያቄ ይበቃል፤ 20 ጥያቄ ያለው መምሪያ ከሆነ መሪው ቀድሞ ይምረጥ፣ አለዚያ ጊዜው ጥያቄ በማንበብ ያልቃል። ሲዳምኛና አማርኛ በሚደባለቅበት ቡድን ክፍሉ በሁለቱም ቋንቋ ይነበብና ጥያቄው በአማርኛ ይቅረብ፤ ለዚህም የቃላት መሙያ ያለው መምሪያ አይሆንም፣ ባዶ ቦታው በአንድ ትርጉም ቃል ብቻ ስለሚሞላ።

ማስታወሻ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በቡድን ሲጠቀሙ የገጹን ታች በወረቀት ይሸፍኑ፣ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፣ የራስዎን ሦስት ጥያቄ ይጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ያንሡ።

ስልክና ወረቀት

መብራት ሲጠፋና ዳታ ሲያልቅ የሚሠራ መሆን አለበት። ዩቨርዥን ላይ የአማርኛ ትርጉሞቹን «አውርድ» ብለው ስልኩ ላይ ያስቀምጡ፤ ካላወረዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ ባዶ ይሆናል። አንድሮይድ ላይ ማይሶርድ፣ ዊንዶውስ ላይ ኢ-ሶርድ በነጻ ይጫናሉ፣ ካልቪንንና ሄንሪን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባሉ። የግሪክና የዕብራይስጥ ቃል ለማየት የኬምብሪጁ ታይንዴል ሃውስ ያዘጋጀው ስቴፕ ባይብል አለ።

በቴሌግራም የሚዞረውን በተመለከተ፦ ካልቪንና ሄንሪ ዛሬ የማንም ንብረት ስላልሆኑ በነጻ ማውረድ ችግር የለውም። የቅርብ ደራሲን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ስካን አድርጎ ማሰራጨት ግን ሌላ ነው፤ በስምንተኛው ትእዛዝ ላይ የተጻፈ ማብራሪያ በተሰረቀ ፒዲኤፍ የሚያነብ ሰው ማብራሪያውን ገና አላነበበውም። በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚሰጡ የሪፎርምድ አገልግሎቶች ብዙ ስለሆኑ መጀመሪያ የአዘጋጁን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

ወረቀት ሲገዙ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። መጽሐፍ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ በ16 ወይም በ32 ገጽ ጥራዝ ስለሆነ፣ ገጽ ሲጎድል ወይም ሲደገም በዚያው መጠን ነው፤ ገጾቹን በአውራ ጣትዎ እየገለጡ የገጽ ቁጥሩ መዝለሉን ይዩ። ሽፋኑን በስተጀርባ ሲከፍቱት ሙጫው ከተሰነጠቀ ወይም ገጹ ከተላቀቀ በክር አልተሰፋም ማለት ነው፤ በየቀኑ የሚከፈት ማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ሆኖ ብዙ አይቆይም። የስስ ወረቀት ላይ ማድመቂያ ቀለም ወደ ጀርባው ስለሚያልፍ እርሳስ ወይም ደረቅ ማድመቂያ ይግዙ፣ መጽሐፉን ሲከፍሉ አብረው።